አውትሉክ ስታክ ሲያደርግ፦ ኢሜይል ሳይጠፋ እንዴት እናስነሳዋለን?

የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም የሆነው አውትሉክ መስኮቱ ነጣ ብሎ ከላይ «ኖት ሪስፖንዲንግ» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ ብዙ ሰው የኮምፒውተሩን ማጥፊያ ተጭኖ ይይዛል። ጉዳቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አውትሉክ ኢሜይሎቹን የሚያስቀምጠው በአንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ስለሆነ፣ እየጻፈበት ሳለ ድንገት ከተቋረጠ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። መብራት ድንገት ሲጠፋም የሚደርሰው ይኸው ነው። (የሚከተለው በዊንዶውስ ላይ ለሚሠራው ክላሲክ አውትሉክ ነው።)

መጀመሪያ 5 ደቂቃ ያህል ይታገሱ። አልት እና ታብ ቁልፎችን አብረው ተጭነው ሌሎቹን መስኮቶች ይዩ፤ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ትንሽ መስኮት ከኋላ ተደብቆ መልስ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ከሌለ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑና እየሠሩ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። በአውትሉክ መስመር ላይ የሲፒዩ ወይም የዲስክ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ካለ ሥራ ላይ ነውና አይንኩት። ለብዙ ደቂቃ ዜሮ ላይ ከቆመ ግን «ኢንድ ታስክ» ይበሉት።

ሲከፍቱት እንደወትሮው አይክፈቱ። የኮንትሮልን ቁልፍ እንደያዙ የአውትሉክን ምልክት ይጫኑ፤ በሴፍ ሞድ (ያለ ተጨማሪዎች) ይከፈት እንደሆነ ሲጠይቅ «የስ» ይበሉ። በዚህ መንገድ ያለችግር ከሠራ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የራሱ የአውትሉክ ሳይሆን አድ-ኢን የሚባሉት ተጨማሪዎች ነው። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድ-ኢንስ ይግቡ፤ ከታች «ኮም አድ-ኢንስ» እንደተመረጠ «ጎ» ይጫኑና የሁሉንም ምልክት ያንሱ። ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ፣ በየጊዜው አውትሉክን ዘግተው እየከፈቱ ይሞክሩ። አሰልቺ ነው፤ ግን ጥፋተኛው በእርግጠኝነት የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው። ከጸረ ቫይረስ እና ከፒዲኤፍ ፕሮግራሞች ጋር የመጡትን አስቀድመው ይጠርጥሩ።

ስታክ የሚያደርገው ሲልክ ብቻ ከሆነ አውትቦክስ (የሚላኩ ኢሜይሎች የሚጠብቁበት ፎልደር) ውስጥ ከባድ ፋይል ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል። «ሴንድ ሪሲቭ» ውስጥ «ወርክ ኦፍላይን»ን ይጫኑ፣ ኢሜይሉን ወደ ድራፍትስ ይጎትቱ፣ ከዚያ «ወርክ ኦፍላይን»ን እንደገና ተጭነው ግንኙነቱን ይመልሱ። የጂሜይል ጣሪያ 25 ሜጋባይት ቢሆንም ፋይል በኢሜይል ሲላክ በሲሶ ያህል ስለሚያብጥ፣ ከ18 ሜጋባይት በላይ የሆነውን በጉግል ድራይቭ ሊንክ መላክ ይሻላል።

በሴፍ ሞድም ከደረቀ የተጎዳው የኢሜይሉ ፋይል ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ እባክዎ አይቸኩሉ። ፋይል፣ አካውንት ሴቲንግስ ውስጥ የአካውንቱን ዓይነት ይዩ። «አይማፕ» ከሆነ ኢሜይሎቹ ሰርቨር ላይ አሉ፤ በብራውዘር ገብተው ያረጋግጡ፣ አውትሉክን ዘግተው ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የኢሜይል ፋይል («ኦኤስቲ» የሚባለውን) ስም ይቀይሩ፣ እንደገና ያወርዳቸዋል። አሮጌውን ግን አይሰርዙት፤ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ያሉ የስልክ አድራሻዎችና ቀጠሮዎች እዚያው ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ።

«ፖፕ» ከሆነ ደግሞ ያለዎት ብቸኛ ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው «ፒኤስቲ» የሚባለው የኢሜይል ፋይል ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ዶክመንትስ ውስጥ «አውትሉክ ፋይልስ» በሚለው ፎልደር ይገኛል። ምንም ከመሞከርዎ በፊት ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡት። በፍላሽ የሚገለብጡ ከሆነ ደግሞ፣ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በ«ፋት 32» ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ከዚያ ፕሮግራም ፋይልስ፣ ማይክሮሶፍት ኦፊስ፣ ሩት፣ ኦፊስ 16 ውስጥ ያለውን የፋይል መጠገኛ «ስካንፒኤስቲ» ይክፈቱ፣ ፋይሉን ያሳዩትና «ሪፔር» ይበሉ። ትልቅ ፋይል ላይ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ስህተት የለም እስኪል ድረስ ደጋግመው ያስኪዱት። ፋይሉ ወደ 50 ጊጋባይት ከተጠጋ ጣሪያው ላይ ደርሷልና የቆዩትን ኢሜይሎች ወደ ሌላ ፒኤስቲ ያውጡ።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ሴቲንግስ፣ አፕስ ውስጥ ኦፊስን መርጠው «ሞዲፋይ»፣ ቀጥሎም «ኩዊክ ሪፔር» ይበሉ። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ኢሜይሎችዎንም አይነካም።