ገናን አገር ቤት ለምታከብሩ፦ ለዋዜማው ሳይሆን ለአውድማው ድረሱ

ባለፈው አንድ ወዳጄ «ዘንድሮ ገናን ጎጃም፣ እናንተ ቤት ማሳለፍ እፈልጋለሁ፤ ምን ይዤ ልምጣ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አንድ ሳምንት ይዘህ ና» አልኩት። የቀለድኩ መሰለው። የምሬን ነው። ታኅሣሥ 28 ማታ ደርሶ ታኅሣሥ 30 ጠዋት መኪና ለሚፈልግ ሰው ገና ማለት ዶሮ ወጥ ነው። ዶሮ ወጥ ደግሞ አዲስ አበባም አለ።

እኔም ድሮ እንደዚያ ነበርኩ። አንድ ዓመት ጭራሽ የክሬም ኬክ ገዝቼ፣ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣ የዓባይን በረሃ አቋርጬ በዋዜማው ምሽት ከች አልኩ። ኬኩ በረሃው ላይ ቀልጦ ሾርባ ሆኗል። ያ አልበቃ ብሎ ቀኑ ጾም ነው። እናቴ ካርቶኑን ከፈት አድርጋ አየችውና «ምንድን ነው ልጄ፣ ቅቤ ነው?» አለች፤ ከዚያ ድመቷ እንዳትደርስበት ቆጥ ላይ ሰቀለችው። በማግስቱም የነካው የለም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር ከራሴ ስህተት የተለቀመ ነው።

መቼ ልሂድ?

ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ካለፈ በኋላ፣ ለ20 አጥቢያ ድረሱ። ምክንያቱ ሥራው ነው። በዚህ ጊዜ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ ውቂያው ገና መሃል ላይ ነው፣ ሰዉ ሁሉ ሜዳ ላይ ነው። ግን አንድ የምትቆጥሩት ነገር አለ። በበዓል ቀን አውድማ አይገባም። 21 ማርያም ናት፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 24 ተክለ ሃይማኖት፣ 27 መድኃኔ ዓለም። ቅዳሜና እሑድን ጨምሩበት። የትኛው ቀን በጥብቅ እንደሚከበር ከደብር ደብር ይለያያል፤ የቤቱን ሰው ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ስትቆጥሩት የሥራ ቀን የሚባለው ሦስት ወይም አራት ቀን ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያቺን ነው መያዝ ያለባችሁ።

ሌላው፣ በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ዓመት ጳጉሜን 6 ስለሚያደርጋት። ለምሳሌ በ2020 ዓ.ም. እንደዚያ ነው። የፈቃድ ወረቀት ስትሞሉ ይህን የረሳችሁ እንደሆነ በዓሉን መንገድ ላይ ታከብሩታላችሁ።

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ክፍትና ሰላም መሆኑን እዚያው ካለ ሰው አረጋግጡ፤ ከሹፌር ብቻ አትስሙ፣ ሹፌር ሁሌም «ሰላም ነው፣ ግቡ» ነው የሚለው። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ስትወርዱ ጃኬታችሁን ታወልቃላችሁ፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ ደጀን ስትወጡ መልሳችሁ ትለብሳላችሁ። ከደጀን በኋላ አገሩ ሜዳ ይሆናል። ግራ ቀኙ የጤፍ ክምር ነው፤ እዚህ ጋ ስልካችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ በመስኮት እዩ።

ምን ልያዝ?

ቡና ያዙ። ደጋው ላይ ቡና አይበቅልም፤ ሁሉም ከገበያ ነው የሚገዛው። ስኳር፣ ሳሙና፣ ጥሩ የእጅ ባትሪ ከነድንጋዩ፣ ለእናት ነጠላ። በቃ። በግ ልገዛ ካላችሁ ከከተማ አትጫኑ፣ ከገና በፊት ባለው የገበያ ቀን ከአባት ጋር ወርዳችሁ ግዙ። ዋጋውን ግን እሳቸው ይናገሩ። እናንተ አፋችሁን የከፈታችሁ ቀን በጉ ዋጋው ይጨምራል።

ለራሳችሁ ደግሞ ጋቢ። ካልሲ፣ ካልሲ፣ አሁንም ካልሲ። ማታ ጋቢ የሚበቃችሁ ከመሰላችሁ የጎጃምን ታኅሣሥ አታውቁትም፤ ቡሉኮ ሲሰጧችሁ «አይ፣ ይበቃኛል» እያላችሁ አትግደርደሩ።

የገና ዛፍ የሚባለውን ፕላስቲክ ነገር አትውሰዱ። አንዴ ወስጄ የወንድሜ ልጅ ለሁለት ቀን ውኃ ሲያጠጣው ከረመ። ጥድ ማየት ከፈለጋችሁ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሙሉ ነው፤ በአካባቢው ያልተቆረጠ የአገር ዛፍ የቀረው ብዙ ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

ጠዋቱን አትተኙበት

በፊልም የምናየው የገና መልክ በረዶ ነው። የኛ ሌላ ነው። ታኅሣሥ 25 ላይ መፀው ያልቅና በ26 በጋ ይገባል፤ ገና በበጋ በሦስተኛ በአራተኛ ቀኑ ነው የሚውለው። ሰማዩ ንጹሕ ነው። ደመና ስለሌለ ቀን የገባው ሙቀት ሌሊቱን ሽቅብ ያመልጣል፣ ለዚህ ነው ቀን ሸሚዝ ለብሳችሁ ሌሊት ጥርሳችሁ የሚንቀጫቀጨው።

ፀሐይ የምትወጣው ዘግይታ ነው፤ ወደ 1 ሰዓት ሊጠጋ ሲል። እናንተ ግን 12 ሰዓት ላይ ውጡ። ደጅ ቆማችሁ ከብቶቹ ከበረት ሲለቀቁ እዩ፤ ትንፋሻቸው ይጨሳል። የቃርሚያው ሣር ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ከየቤቱ ጣሪያ ጭስ ይወጣል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ስለሚነድበት ሽታውን ዕድሜ ልካችሁን አትረሱትም። ከዚያ ፀሐይ ብቅ ስትል ውርጩ ሩብ ሰዓት እንኳ አይቆይም። ፎቶ የምታነሱ ከሆነ ያቺን ጠብቁ። ከቀኑ 4 ሰዓት በኋላ የምታነሱት ሁሉ ገለባ ነው የሚመስለው።

ቤታችሁ ወደ ጮቄ ያለ ከሆነ ታድላችኋል። ተራራው ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ ላዩ ላይ ጅባራው፣ ያ ረጅሙ የውርጭ አገር ተክል፣ ቆሞ ታያላችሁ። ብርዱ ግን ቀልድ አይደለም፤ አገሩን የሚያውቅ ሰው ሳትይዙ አትውጡ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዋልካው መሬት ላይ የሽምብራ እሸት አለ። ጾም ነውና ከዚህ የተሻለ መክሰስ የለም። ከነቅጠሉ ነቅላችሁ በጭድ እሳት ለብለብ አድርጉት፣ እጃችሁ ጥቁር እስኪሆን ብሉ። የሰው ማሳ ከሆነ ጥቂት ቀጥፎ መቅመስ ነውር አይደለም። ነውሩ ተሸክሞ መሄድ ነው።

አውድማው

ይሄ ነው ዋናው ነገር፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አውድማ ማለት ተደልድሎ በእበት የተለቀለቀ ክብ መሬት ነው። እበቱ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይሆናል። የጤፍ ፍሬ ከአፈር ጋር ተቀላቀለ ማለት መከራ ስለሆነ ልቅለቃው በደንብ መሠራት አለበት፤ ለመለቅለቅ ከደረሳችሁ እጃችሁን ሰብስባችሁ አትቁሙ፣ እበት አይገድልም። ነዶው ይበተንበታል፣ በሬዎቹ እየዞሩ ያበራዩታል፣ ሰዉ በመንሽ፣ ጣት ባለው የእንጨት ሹካ፣ እየገለበጠ ይከተላል። ፍሬው ከሥር ሲቀር ጭዱ ከላይ ይነሳል። ከዚያ ነፋስ ይጠበቃል። ነፋስ ሲመጣ በላይዳ፣ በእንጨት አካፋ ማለት ነው፣ ወደ ላይ ይበተናል፣ እብቁ ይሄዳል፣ ፍሬው ይወርዳል። ጤፍ ቀላል ስለሆነ ኃይለኛ ነፋስ አይወድም፤ ፍሬውንም ይዞት ነው የሚሄደው። አባቴ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ሙሉ ላይዳውን ይዞ አየር እያሸተተ ይቆማል። እኔ ስልኬ ላይ የአየር ሁኔታ እያየሁ «አሁን ይነፍሳል» ስለው ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፣ አልነፈሰም።

የእናንተ ድርሻ ምንድን ነው? መንሽ አትለምኑ፤ መንሽ እጅ ይፈልጋል፣ መጀመሪያ ቀን የያዘ ሰው ማታ መዳፉ ውኃ ይቋጥራል። በሬ ከመንዳት ጀምሩ። ከልጆቹ ኋላ ኋላ መዞር ነው፣ ግን እነሱ እየዘፈኑ ነው የሚዞሩት፣ እናንተም ማዜም አለባችሁ። ዝም ብሎ የሚነዳ ሰው በሬውንም ያስተኛዋል። ቀጥሎ ነዶ ማቀበል። ከሁለተኛው ቀን በኋላ መንሽ ራሳቸው ይሰጧችኋል።

ሹራብ ለብሳችሁ አትግቡ። እብቁ ክሩ ውስጥ ይገባና እስከ ጥምቀት ያሳክካችኋል። ስስ ነገር ልበሱ፣ ራሳችሁን በሻሽ ወይም በነጠላ ጠቅልሉ። ዓይናችሁን ካሳከካችሁ አትሹት፣ በውኃ ታጠቡ።

ደንብም አለው። እኛ ቤት አውድማ ላይ ጫማ አውልቆ ነው የሚገባው። ስትደርሱ «እግዜር ያበርክት» በሉ እንጂ «ስንት ኩንታል ሆነ?» ብላችሁ አትጠይቁ። እህል ተሰፍሮ ሳያልቅ መቁጠር አይወደድም። የከተማ ሰው አፉን ይበላዋል፣ አውቃለሁ፤ ቻሉት።

አሁን አሁን መውቂያ ማሽን የሚከራይ አለ፣ በተለይ ለስንዴ። ጊዜ ይቆጥባል፣ የበሬውንም ድካም ይቀንሳል። «ባህሉ ጠፋ» እያላችሁ ገበሬው ፊት አታልቅሱ። እናንተ ለአንድ ሳምንት ነው የመጣችሁት፣ እሱ ዓመት ሙሉ እዚያው ነው።

የዋዜማው ሌሊት

28 ማለዳ ጠላው ተጣርቷል፣ ቤቱ ሽንኩርት በሽንኩርት ነው። ወንድ ነኝ ብላችሁ ደጅ አትቀመጡ፤ ሽንኩርት መክተፍ፣ እንጨት መፍለጥ፣ ውኃ መቅዳት አለ። ለዶሮዋ ግን ጣልቃ አትግቡ። አሥራ ሁለቱን ብልት በትክክል ማውጣት ሥራ ነው፣ እናቶች በዚህ ላይ ይቅርታ አያውቁም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ተኙ። ማታ ማኅሌት ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆማችሁ ነው የምታሳልፉት። መቋሚያ ተዋሱ፤ ለጌጥ የሚመስላችሁ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስኪሆን ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፣ ዲማንና ዋሸራን የመሰሉ የቅኔ ቤቶችን ያፈራ አገር፤ እዚህ ትንሽ ገጠር ደብር ውስጥ የሚዘረፈውን ቅኔ ትርጉሙን ባትይዙት እንኳ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ሲነቀንቁ ታያላችሁ። ጎናችሁ ያለውን ሰው ቀስ ብላችሁ ጠይቁት፣ ደስ ብሎት ይነግራችኋል። ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ስልክ አታውጡ።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱም ስትመለሱም ባትሪውን አንዴ አጥፉና ቀና በሉ። ጨረቃ ከሌለች ሰማዩ የከተማ ሰው አይቶት የማያውቀውን ያህል ኮከብ አለው። ድንጋይ እንዳያደናቅፋችሁ ግን ቆማችሁ እዩ። እኔ እየሄድኩ አይቼ ጉልበቴን ልጬዋለሁ።

ቅዳሴው ሲያልቅ ገና ሳይነጋ ጾም ይፈታል። እናቴ መጀመሪያ ተልባ ታጠጣለች፣ ሆድ እንዲላላ። አትናቁት። ከኅዳር 15 ጀምሮ ሥጋና ቅቤ ያላየ ሆድ ላይ በአንድ ጊዜ ዶሮና ጥሬ ሥጋ የጫነ ሰው የገናን ጨዋታ ከጓሮ ነው የሚያዳምጠው። የቆሎ ተማሪ ደጃፉ ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ከሰማችሁ እንጀራውን እናንተ ይዛችሁ ውጡ።

ጨዋታው

ከሰዓት በኋላ ሜዳ ይወጣል። ሩሯ፣ የምትመታው ኳስ፣ ትንሽ ናት፣ ዱላው ጫፉ የጎበጠ። ዱላችሁን ሳትዘገዩ አዘጋጁ፤ ተፈጥሮው የጎበጠ ወይራ ወይም ክትክታ ፈልጉ፣ ልጆቹ የት እንዳለ ያውቃሉ። ቡድኑ በጎጥ ይከፈላል፣ የተጫዋች ቁጥር የሚባል ነገር የለም፣ ዳኛም ብዙ ጊዜ የለም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ያለ ነገር አይደለም፤ ግጥም እየገጠሙ ይሰድቧችኋል፣ ከተማነታችሁን፣ ጫማችሁን፣ ሩጫችሁን። መልስ ካላችሁ መልሱ፣ ከሌላችሁ ሳቁ። ዱላ ከትከሻ በላይ የሚያነሳ ሰው አጠገብ አትቁሙ። ቅልጥማችሁን ጠብቁ፣ ወፍራም ካልሲ እዚህም ይሠራል።

ፈቃድ ካላችሁ እስከ ጥር 11 ቆዩ፣ ከተራና ጥምቀትን አክብሩ። የበለጠ ጊዜ ካላችሁ ጥር 23 እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ፤ እንደዚያ ያጌጠ ፈረስ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ስትመለሱ አንድ ነገር አለ። ጆንያ ጤፍ ያሸክሟችኋል። «አይ፣ አዲስ አበባ አለ» እንዳትሉ፤ አብራችሁ የወቃችሁት ነው፣ ተቀበሉ፣ አፉን በደንብ አስራችሁ ጫኑት። ቆሎውን ግን ከጆንያው ጋር እንዳትጭኑ፣ እጃችሁ ላይ ያዙት። ደጀን ሳትደርሱ ያልቃል።