አዲስ የሳይኮሲስ መድኃኒት ሲጀመር እንዴት መታገሥ ይቻላል

ለሳይኮሲስ፣ ማለትም የሌለ ድምፅ ለሚያሰማና ከእውነታ የራቀ ጥርጣሬ ለሚያሳድር የአእምሮ ሕመም፣ እንደ ሪስፐሪዶን ወይም ኦላንዛፒን ያለ መድኃኒት ሲጀመር እንቅልፍና መረጋጋት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊመጡ ይችላሉ፤ ለታማሚው የሚሰማው ድምፅና ጥርጣሬው ግን የሚቀንሱት በሳምንታት ውስጥ፣ ቀስ በቀስ በመሆኑ፣ ሐኪሞች በበቂ መጠን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሳይሞከር «አልሠራም» ለማለት አይቸኩሉም። ስለዚህ ለውጡን በየሰዓቱ ከመፈለግ ይልቅ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ምን እንደበላና ድምፁ ምን ያህል እንዳስቸገረው በየማታው ደብተር ላይ መጻፍ ይሻላል። ወንድሜን ሳስታምም በሦስተኛው ሳምንት «ዛሬ ቡና ሲፈላ ከእኛ ጋር ተቀመጠ» ብዬ የጻፍኳት አንዲት መስመር ከብዙ ማጽናኛ በላይ አበርትታኛለች።

መታገሥ ማለት ግን ሥቃይን ዝም ብሎ መሸከም አይደለም። አንድ ቦታ መቀመጥ የሚከለክል መቁነጥነጥ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ወይም ከባድ ድብታ ሲኖር መጠኑ ሊስተካከል ስለሚችል ለሐኪሙ መንገር ይገባል። አንገት ያለፈቃድ ሲጣመም፣ ምላስ ሲተሳሰር፣ ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ከሰውነት መገተር ጋር ሲመጣ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ጸበል የሚጠመቅ ታማሚም ቢሆን ክኒኑን በራሱ ውሳኔ አያቋርጥ፤ ጫት ግን ሕመሙን ሊያባብስ ስለሚችል ፈጽሞ ይቅርበት።