«እትዬ፣ እዚያ ግን እንዴት ነው?»

ሱቄ ሐዋሳ፣ አቶቴ ነው። በሩ ላይ ተራ የሚጠብቅ አንድ ባጃጅ ነጂ አለ። ከስዊዘርላንድ ከተመለስኩ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ማለት ነው፣ ባሳፈረኝ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው። «እትዬ፣ እዚያ ግን እንዴት ነው? እውነቱን ይንገሩኝ።» አሞራ ገደል ደርሼ እስክወርድ ግማሹን እነግረዋለሁ። አንድ ቀን ጥሩው ግማሽ ይደርሰዋል፣ አንድ ቀን መጥፎው። ምስኪን፣ ሰኞ ልሂድ ይላል፣ ሐሙስ ይተወዋል። ሌሎችም መጠየቅ ሲያበዙ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

አሥር ዓመት የኖርኩት ዊንተርቱር ነው፣ ዙሪክ አጠገብ ያለች ከተማ። የምነግራችሁም የዚያን ነው። ኖርዌይ ያለው ዘመዳችሁ ሌላ ቢላችሁ አትከራከሩት።

እኔ የገባሁት በጋብቻ ነው። ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ሰው የሥራ ፈቃድ በኮታ ነው የሚሰጠው። ቀጣሪው መጀመሪያ ከአገሩና ከአውሮፓ ሰው ፈልጎ ማጣቱን ማሳየት አለበት፣ ያውም ለተማረ ባለሙያ። «ግባ እንጂ ሥራው ሞልቷል» የሚላችሁ ደላላ ካለ ስልኩን ዝጉበት። ከዚህ በታች ያለው በሕጋዊ መንገድ መግባት ለሚችል ሰው ነው።

ስንት ይከፍላሉ ሳይሆን ስንት ይቀራል

የቀይ መስቀልን የረዳት አስታማሚነት ኮርስ ወስጄ አረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሠራሁ። ደመወዜ ከነግብሩ 3,800 ፍራንክ ነበር። ይህን ለአክስቴ በስልክ ነገርኳት። በብር አባዝታ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ የሠርግ ጥሪ በዛብኝ፤ የማላውቃቸው የአጎት ልጆች ሳይቀሩ ሲዳሩ ነበር።

አክስቴ ያላባዛችው ወጪውን ነው። ግብሩና የጡረታው መዋጮ ከደመወዙ ላይ ቀድሞ ይነሳል። ለአንዲት መኝታ ቤትና ለሳሎን 1,250 ፍራንክ ኪራይ እከፍል ነበር። ከዚያ የጤና መድን አለ። እሱን ረጋ ብላችሁ አንብቡት፣ እኔን ያቃጠለኝ እዚህ ላይ ነው።

በገባችሁ በሦስት ወር ውስጥ መድን መግባት ግዴታ ነው። መንግሥት በነፃ የሚያሳክም መስሏችሁ እንዳትሄዱ። እያንዳንዱ ሰው በየወሩ ለራሱ ይከፍላል፣ ሕፃንም ቢሆን። ከዚያ ላይ በየዓመቱ መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ያለው የሕክምና ወጪ ከራሳችሁ ኪስ ነው። መጠኑን ከ300 እስከ 2,500 ፍራንክ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። 2,500ን ከመረጣችሁ ወርኃዊው ክፍያ ይቀንሳል። እኔ ጤነኛ ነኝ ብዬ 2,500ን መረጥኩ። የተረፈኝን ሁሉ እዚህ ላክሁ። በሦስተኛው ዓመት የሐሞት ጠጠር ጣለኝ።

ሕክምናው እንከን አልነበረውም፣ ውሸት አልናገርም። ነርሷ ገብታ በወጣች ቁጥር ስሟን ትነግረኝ ነበር። ሂሳቡ ሲመጣ ግን 2,500ው የእኔ ነው። ከዚያ በላይ ካለው ደግሞ አሥር በመቶ፣ እስከ 700 ፍራንክ ድረስ፣ እሱም የእኔ። ድምር 3,200። ባንክ ውስጥ የነበረኝ 400 ነው። ለምኜ በየወሩ እየቆራረጥኩ ከፈልኩ።

ስለዚህ ትልቁን የምትመርጡ ከሆነ መጀመሪያ 2,500ውን ባንክ አስቀምጡና እርሱት። ቤተሰብ ቢያለቅስም አትንኩት። ጥርስ ደግሞ መሠረታዊው መድን ውስጥ የለም። የእኔን መንጋጋ ለፋሲካ ስመጣ እዚሁ ሐዋሳ ነው ያስሞላሁት። እስከዛሬ አለ።

ደሞዛችሁን ለቤተሰብ ስትነግሩ የሚቀረውን ብቻ ንገሩ። መዋሸት አይደለም።

ወረቀት የማይተኛበት አገር

በደረሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ትመዘገባላችሁ። ከዚያ ደብዳቤ መምጣት ይጀምራል፣ አያቆምም። ቴሌቪዥን ባይኖራችሁም የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ ይመጣል፣ እኔ ስወጣ በዓመት 335 ፍራንክ ነበር ለአንድ ቤት።

አባቴ ያረፈ ጊዜ ስድስት ሳምንት እዚህ ቆየሁ። ስመለስ የፖስታ ሳጥኔ ጢም ብሏል። አንድ የስልክ ድርጅት 84 ፍራንክ አልከፈልሽም ይላል። ጀርመንኛው ከበደኝና ማስታወቂያ መስሎኝ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሁለተኛም መጣ፣ ያንንም ከተትኩት። እዚህ ቢሆን አንድ ሰው ደውሎ «ኧረ እባክሽ ክፈይ» ይለኝ ነበር። እዚያ ማንም አይደውልም። በመጨረሻ ከዕዳ አስከፋይ ቢሮ የተላከ ወረቀት አስፈርመው ሰጡኝ። ደንግጬ በማግስቱ ከፈልኩ።

አለቀ ብዬ ነበር። ከዓመት በኋላ ሰፋ ያለ ቤት ስፈልግ አከራዩ ከዕዳ መዝገብ የሚወጣውን ወረቀት አምጪ አለኝ። እዚያ ቤት ለመከራየት ይህ ወረቀት እንደ መታወቂያ ነው። የእኔ ላይ አንዲት መስመር አለች፣ 84 ፍራንክ። ለዚያ ቤት የተሰለፍነው ሃያ እንሆናለን። አሥራ ዘጠኙ ንጹሕ ወረቀት ይዘዋል። የእናንተ ያልሆነ ዕዳ እንዲህ ከመጣባችሁ በአሥር ቀን ውስጥ «እቃወማለሁ» ብላችሁ መመለስ ትችላላችሁ፣ ምክንያት እንኳን አይጠየቅም። የእኔ ግን የእኔው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓቴ ይህ ሆነ። ደብዳቤ በመጣበት ቀን ይከፈታል፣ ጫማዬን ሳላወልቅ። ያልገባኝን ለሥራ ባልደረባዬ አስነብባለሁ። አገር ቤት ስመጣ የሳጥኑን ቁልፍ ለሰው ትቼ ነው። ማፈር የለም።

የልብስ ማጠቢያው ክፍል

በብዙ ሕንፃ ማጠቢያ ማሽን ምድር ቤት ነው፣ ለተከራዩ ሁሉ አንድ። ተራ አለ። የእኔ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ማክሰኞ። ማክሰኞ ካመለጣችሁ ካልሲ በእጅ ታጥባላችሁ።

አንድ ማክሰኞ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ወለሉን ጠርጌ ወጣሁ። በማግስቱ የቤቴ እጀታ ላይ ትንሽ ላስቲክ ተንጠልጥላለች። ውስጧ ግራጫ የጨርቅ ብናኝ። ከማድረቂያው ወንፊት ላይ ሳላነሳ የሄድኩት ነው። አብሯት ወረቀት፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፦ «ይህ የእርስዎ ይመስለኛል። መልካም ቀን።» አንድ ስድብ የለበትም። ጎረቤቴ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እኛ ሰፈር ቢሆን ተጯጩኸን፣ በሦስተኛው ቀን ቡና ጠጥተን ነበር።

ሌላውን ባጭሩ። ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ጸጥታ ነው። እሁድ መዶሻ አይነሳም፣ ጠርሙስ እንኳ መጣያው ውስጥ አይወረወርም፣ ስለሚጮህ። ቆሻሻ የሚጣለው ቀረጥ በተከፈለበት ከረጢት ነው። ቡና ስትቆሉ መስኮት ክፈቱና ጎረቤትን አስቀድማችሁ ንገሩ። እኔ መጀመሪያ አንድ ሲኒ ይዤ አንኳኳሁ። ሴትዮዋ ደነገጠች፣ ሲኒውን ግን ተቀበለች።

የሚናፍቀኝ

አሁን ፍትሕ ላድርግ። በዚያ ሁሉ ዓመት ለጉዳይ ቢሮ ገብቼ «ሰው አታውቂም ወይ?» ተብዬ አላውቅም። ቁጥር ትይዣለሽ፣ ይጠሩሻል፣ ያልቃል። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ፈገግ አትልም፣ ግን ነገ ነይ አትልም። ባቡሩ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1:32 ነው ካለ 1:32 ነው። የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ ብቻዬን በእግሬ ስገባ ወደኋላዬ ዞሬ አላየሁም። ይህ የመጨረሻው በብር አይተመንም። ሴቶች ታውቁታላችሁ።

ብዙ ሰው ጥሩና መጥፎ ብሎ ሁለት ዝርዝር ያወጣል። እኔ ዝርዝሩ አልሠራልኝም። ጥሩ ያልኩት ራሱ ዞሮ መጥፎው ሆኖ አገኘዋለሁ። ጉዳይ ለማስጨረስ ዘመድ አያስፈልግም። እሺ፣ ታዲያ ዘመድ ለምን ይምጣ? ብታመሚ አምቡላንስ አለ፣ ብታረጂ መኖሪያው አለ። ስለዚህ የሚያንኳኳ የለም።

የማስታምማቸው አንዲት ሴት ነበሩ፣ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው። ልጃቸው በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ትመጣለች፣ ዘጠኝ ላይ ትሄዳለች። እሳቸው ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ለብሰው፣ ከንፈራቸውን ቀብተው በሩን ያያሉ። መጀመሪያ ልጅቷን በልቤ ረገምኳት። በኋላ ሳየው ሴትዮዋ የራሳቸው ጡረታ፣ የራሳቸው ክፍል አላቸው፣ ሌሊት ቢደውሉ የምንደርስ እኛ አለን። ማንም ስለ እሳቸው ሥራውን አልለቀቀም። እዚህ እናቴን የምታስታምመው እህቴ ግን የመምህርነት ሥራዋን ትታለች። እናቴ አንድ ሰዓት እንኳን ብቻዋን አትሆንም። እህቴ ደግሞ አንድ ሰዓት እንኳን የራሷ የላትም። የቱ ይሻላል ብላችሁ አትጠይቁኝ። እኔ የተመለስኩት እህቴን ለማገዝ ነው እንጂ መልሱን አግኝቼው አይደለም።

ከሄዳችሁ ብቸኝነቱን አስቀድማችሁ ያዙት

ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ ሁለት አልፎ ትወጣለች፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። ያውም ደመና ካልሸፈናት። በጨለማ ሥራ ገብታችሁ በጨለማ ትወጣላችሁ። በሁለተኛው ክረምት ጧት መነሳት አቃተኝ። ሰነፍኩ ብዬ ራሴን ስሳደብ ከረምኩ። ሐኪሙ ደሜን አይቶ ቫይታሚን ዲ አዘዘልኝና የምሳ ሰዓትሽን ደጅ ተራመጂ አለኝ። ከኅዳር ጀምሩ፣ እስክትወድቁ አትጠብቁ።

ቋንቋው ሌላ ጣጣ ነው። ትምህርት ቤት ጀርመንኛ ትማራላችሁ፣ መንገድ ላይ የሚወራው የስዊዞቹ ዘዬ ነው። ስድስት ወር ተምሬ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ቃል አልሰማሁም። ዘዬውን የምትለምዱት ከሰው ጋር ነው፣ ሰው የሚገኘው ደግሞ ማኅበር ውስጥ ነው። ለዘፈን፣ ለእግር ጉዞ፣ ለአትክልት፣ ለሁሉም ማኅበር አላቸው። እኔ የመዘምራን ቡድን ገባሁ። ድምፄ ለማንም አይሆንም፣ ግን ሐሙስ ማታ ብቀር የሚጠይቁኝ አሥራ አራት ሰዎች አገኘሁ። ከሐበሾቹም ጋር እቁብ ጣልን። ገንዘቡን ፈልገን አልነበረም፣ በወር አንዴ አንድ ቤት ለመሰብሰብ ነው።

ለቡና «ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ» ሲሏችሁ አትቀየሙ። ያ ቅዳሜ ይመጣል፣ እነሱም ይመጣሉ። እዚህ «እንገናኛለን» ብለውኝ እስካሁን ያልተገናኘሁት ሰው ስንት ነው።

ለሚመለስ አንድ ጉዳይ። ኢትዮጵያ ከስዊዘርላንድ ጋር የጡረታ ስምምነት ስለሌላት፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት የከፈለ ሰው ለሁልጊዜ ሲወጣ መዋጮውን መልሱልኝ ማለት ይችላል። ባለቤት፣ ወይም ትምህርታቸውን ያልጨረሱ ከ25 ዓመት በታች ልጆች እዚያ ከቀሩ ግን አይሆንም። እኔ ከባለቤቴ ጋር ተፋትተን ስለነበር አገኘሁት። ሱቁ የተከፈተው በእሱ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ወረቀቱን ሰብስቡ።

ከመወሰናችሁ በፊት እዚሁ ሞክሩት

ለባጃጅ ነጂዬ ያዘዝኩለት ይህ ነው፣ ለአንድ ሳምንት። ሳይቀጠር ማንም ቤት አይገባም። ቡና ሲጠሩት «ቀጠሮ አለኝ» ይላል፣ የራሱን ቡና ብቻውን ይጠጣል። የትም አምስት ደቂቃ ቀድሞ ይደርሳል። ያወጣትን እያንዳንዷን ብር ማታ ይጽፋል። ከአራት ሰዓት በኋላ ሙዚቃ የለም። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝ ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ጤና አይጠይቅም። ራሱን ነቅንቆ ያልፋል።

ሰኞ ደስ አለው። ጊዜ ተረፈኝ አለ። ማክሰኞ ደብተሩን አሳየኝ፣ ለጫት የሚያወጣውን ደምሮ ራሱ ደንግጧል። ረቡዕ አልመጣም። ሐሙስ ጧት ሱቅ ስከፍት በር ላይ ቆሞ ይስቃል። ለካ ጎረቤቶቹ ልጁ ዘጋን፣ ምን ነካው ብለው ለእናቱ ነግረው ኖሯል። እናቱም ረቡዕ ገና ሳይነጋ ገብርኤል ሄደው ጸበል ቀድተው፣ እንቅልፉን ሳይጨርስ ፊቱ ላይ ረጩበት።

«ከዚያማ ሰፈሩ ሁሉ ሊጠይቀኝ መጣ፣ ቀኑን ሙሉ ቡና ሲፈላ ዋለ፣ ሥራም አልወጣሁ» አለኝ። ባጃጁን አስነሳና መልሶ አጠፋው። «ደብተሩን ግን አልተውኩትም፣ እትዬ።»