ቅባት የሚያጠራቅም እርሾን በዘረ-መል ምህንድስና ስንለውጥ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ያሮዊያ ሊፖሊቲካ በተባለው ቅባት አጠራቃሚ እርሾ የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዘረ-መሎችን ያጠናክራል፦ የቅባት አሲድ ግንባታን የሚያስጀምረውን ኤሲሲ1 እና ቅባቱን በመጨረሻው ደረጃ የሚያስረውን ዲጂኤ1። ምርጫው ትክክል ነው። በ2013 የታተመ የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ሥራ በሁለቱ ጥምረት ብቻ የቅባቱን ድርሻ ከደረቅ ክብደቱ 9 በመቶ ገደማ ወደ 41 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ጥፋቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ናይትሮጅን ሳይጎድል ቅባቱን መለካት። ይህን ባየሁ ቁጥር እቆጫለሁ። ወራት የተደከመበት ዝርያ ፔፕቶን (በናይትሮጅን የበለጸገ የፕሮቲን ፍርስራሽ) በሞላበት ምግብ ላይ ይበቅልና «ዘረ-መሉ አልሠራም» ተብሎ ይጣላል። ናይትሮጅን ያለው እርሾ ስኳሩን የሚያውለው ለመራባት ነው። ናይትሮጅን ሲያልቅበት በሴሉ ውስጥ ኤኤምፒ የተባለው ሞለኪውል ይመናመናል፤ በዚህም ሲትሬት ለኃይል ማመንጫነት እንዲውል የሚያግዘው ኢንዛይም፣ አይሶሲትሬት ዲሃይድሮጂኔዝ፣ ይዳከማል፤ ሲትሬት ከሴሉ የኃይል ማመንጫ ከማይቶኮንድሪያ ወጥቶ ይሰነጠቅና የቅባት ጥሬ ዕቃ የሆነው አሴቲል-ኮኤ ይገኛል። ይህ በር ሳይከፈት ዲጂኤ1 ምን ይሥራ? ስለዚህ በየናሙናው የናይትሮጅን ምንጭ የሆነውን አሞኒየም ለኩ፤ ያለቀበትን ሰዓትም መዝግቡ። ግን ከመጀመሪያው ማስራብም አይበጅም፤ ሴሉ ሳይበዛ ይቀራል።

በመቶኛ ብቻ መርካት። በሊትር 5 ግራም ሴል ውስጥ 60 በመቶ ቅባት ማለት 3 ግራም ነው። በ20 ግራም ሴል ውስጥ 40 በመቶው ግን 8 ግራም ይሆናል። ፋብሪካ የሚገዛው ግራሙን ነው።

ቅባትን የሚያበራውን ማቅለሚያ፣ ናይል ሬድን፣ ማመን። አንዲት ጎበዝ ተማሪ በማይክሮስኮፕ ሥር ወርቃማ ሆነው የሚያበሩ ሴሎች ስታሳየኝ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። በክሎሮፎርምና በሜታኖል አውጥታ ስትመዝነው ግን ቅባቱ ከወላጅ ዝርያው አልበለጠም። ማቅለሚያው ምን ያህል ወደ ሴሉ እንደሚገባ የሴሉ ግድግዳም ይወስነዋል። ለመጀመሪያ ማጣሪያ ተጠቀሙበት፤ ውጤት ብላችሁ ግን የመዘናችሁትን ብቻ ጻፉ።

ሴሎቹ የበቀሉበትን ፈሳሽ ሳይመረምሩ መድፋት። ያሮዊያ ናይትሮጅን ሲያጣ ሲትሪክ አሲድ ወደ ውጭ ያፈሳል። ስኳራችሁ አልቆ ቅባቱ ካነሰ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉት።

የተቆረጠ ዲኤንኤን ባገኘበት ቦታ እንዲጣበቅ የሚያግዘውን ዘረ-መል፣ ኬዩ70ን፣ ሳያጠፉ አዲስ ዘረ-መል በታለመለት ቦታ እንዲገባ መጠበቅ ጊዜ ያባክናል። ኦክስጅን መቆጠብም እንዲሁ፤ ይህ እርሾ ያለ አየር አያድግም።

መሰብሰብን ማዘግየት። ግሉኮሱ ካለቀ በኋላ እርሾው ያጠራቀመውን ቅባት መልሶ ይበላል። ቅባት የሚፈጩ ኢንዛይሞችን የሚሠሩትን የፒኦኤክስ ዘረ-መሎች ማጥፋት ይህን ይገታል፤ እነርሱ ባልጠፉበት ዝርያ ግን ስኳሩ ሊያልቅ ሲል ሌሊትም ቢሆን ተነሥታችሁ ሰብስቡ።