አሳማኝ የአስተያየት አንቀጽ እንዴት ይጻፋል?

ድሬዳዋ ውስጥ ከቀትር በኋላ ጥላ ፈልጎ የተቀመጠ ሰው ስለ ውኃ ፈረቃ፣ ስለ ባጃጅ ታሪፍ ወይም ስለ ደቻቱ ጎርፍ ቢጠየቅ ያለ አንዳች ዝግጅት ይሟገታል፤ ብዙ ጊዜም ያሳምናል። ያንኑ ሐሳብ በአንድ አንቀጽ ጽፎ እንዲያመጣ ሲጠየቅ ግን «እንደሚታወቀው» ብሎ ይጀምርና ማንም የማይቃወመውን፣ ማንም የማያስታውሰውን ነገር ጽፎ ይመለሳል። በቃል ስንሟገት ያላመነው ሰው ፊት ለፊታችን ተቀምጦ «እንዴት ሆኖ?» እያለ ያርመናል፤ ወረቀት ግን የጻፍንበትን ሁሉ ዝም ብሎ ይቀበላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የተዘረዘረው አካሄድ በአመዛኙ ያንን ጠያቂ በሌለበት እንዳለ አድርጎ የመጻፍ ልምምድ ነው።

አካሄዱ ከ100 እስከ 180 ቃላት ላለው አንድ አንቀጽ የታሰበ ሲሆን፣ ለክፍል ሥራም ሆነ ለጋዜጣ ለሚላክ አጭር አስተያየት ያገለግላል። የምንከተለው ምሳሌ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ደቻቱ ነው። ደቻቱ ድሬዳዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍል፣ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚቆይ ወንዝ ነው። በደረቀበት ጊዜ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጆችም ኳስ ይጫወቱበታል።

አቋም መያዝ

«ስለ ጎርፍ» የሚለው ርእስ እንጂ አቋም አይደለም። «ጎርፍ አደገኛ ነው» የሚለውም የሚቃወመው ሰው ስለሌለ አቋም ሊባል አይችልም። አንድ ቅን ሰው አስቦበት «በዚህስ አልስማማም» ሊለው የማይችለው ሐሳብ አሳማኝ አንቀጽ አያስፈልገውም። ከዚህ የባሰው ደግሞ «ለጉዳዩ ከፍተኛ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» የሚለው ነው። ትኩረት የሚሰጠው ማን ነው? ትኩረት ሰጠ የሚባለውስ ምን ሲያደርግ ነው? አድራጊው ያልታወቀ ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስቀይምም፤ ማንንም ከተቀመጠበት አያስነሣም።

ስለዚህ አቋማችን «የድሬዳዋ አስተዳደር በዝናብ ወራት በደቻቱ አሸዋ ላይ መነገድን መከልከል አለበት» የሚል ነው እንበል። አድራጊው፣ ድርጊቱና ጊዜው ታውቀዋል። «በዝናብ ወራት» የተባለው በምክንያት ነው፤ «በክረምት» ብንል ኖሮ የበልጉን ዝናብ እንዘለው ነበር፣ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ በሚያዝያም ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ይህ ዓረፍተ ነገር የአንቀጹ ኃይለ ቃል ስለሆነ አጭር መሆን ይኖርበታል። በአማርኛ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ የሚመጣ እንደመሆኑ፣ ኃይለ ቃሉን በ«እንዲሁም» እና በ«ከመሆኑ አንጻር» ከጫንነው አንባቢው ጸሐፊው ይደግፍ ይቃወም ሳይለይ ሁለት መስመር ይጓዛል።

ቀጥሎ አንባቢን መምረጥ ነው። አስቀድሞ የሚስማማውን ማሳመን ሥራ አይደለም፤ የሚጻፈው አሸዋው ላይ ሽንኩርት ለምትሸጠው ሴትና ከእሷ ለሚገዛው ደንበኛ ነው። አንባቢው ሐረር ያለ ሰው ከሆነ ደቻቱ ምን እንደሆነ በግማሽ መስመር መንገር ያስፈልጋል። ለድሬ ልጅ ያንን መንገር ግን ቃል ማባከን ነው።

ምክንያትና ማስረጃ

የተማሪዎችን አንቀጽ ሳርም ቀይ እስክሪብቶዬን የሚጨርሰው ይህ ክፍል ነው። አንድ ተማሪ ያመጣው ረቂቅ እንዲህ የሚል ነበር፦ «በደቻቱ አሸዋ ላይ መነገድ መከልከል አለበት። ምክንያቱም በአሸዋው ላይ መነገድ ተገቢ አይደለም። ተገቢ ያልሆነ ነገር ደግሞ ኅብረተሰቡን ስለሚጎዳ ሊወገድ ይገባል።» ሰዋስዉ አይነቀፍም፣ ሥርዓተ ነጥቡም የተሟላ ነው፤ «ምክንያቱም» የሚለው ቃልም በቦታው ተቀምጧል። ነገር ግን ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች የሚናገሩት አንዱን ነገር ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን በሌላ ቃል ይደግማል፤ ለምን መከልከል እንዳለበት እስከ መጨረሻው አይነገረንም። ይህን ስሕተት ለማወቅ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በመዳፍ ሸፍኖ ምክንያት የተባለውን ብቻ ማንበብ ይበቃል። ስለ ደቻቱ ቀድሞ የማናውቀውን ወይም ያላሰብነውን ነገር ካልነገረን ምክንያት አልተጻፈም ማለት ነው።

እውነተኛው ምክንያት ደቻቱ ለመሸሽ ጊዜ የማይሰጥ መሆኑ ነው። ውኃው የሚሰበሰበው ከከተማዋ በስተደቡብ ካለው ደጋ በመሆኑ፣ ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ አሸዋው ሊሞላ ይችላል። ይህ ስለ ቦታው አንድ ነገር ይነግራል፤ ሐሰት ነው የሚል ሰው ቢኖር እንኳ ሊመረመር የሚችል ነገር ነው።

አሁን ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ድሬዳዋ ውስጥ ደግሞ ስለ ደቻቱ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። አብዛኛው ጸሐፊ ይህን ጽፎ «ስለዚህ ንግዱ ይከልከል» ብሎ ያልፋል፤ እውነትም ነው፣ ከባድም ነው፣ ምን ይጎድለዋል? የሚጎድለውን ሽንኩርት ሻጯ ወዲያው ታገኘዋለች። ያ ጎርፍ የደረሰው በሌሊት፣ ሰው በቤቱ በተኛበት ነው። «እኔ ደግሞ» ትላለች፣ «ሌሊት አልነግድም።» በዚህ መልስ አንቀጹ በአንድ ጊዜ ባዶ ይሆናል። የቀረበው ማስረጃ እውነት ቢሆንም ከአቋሙ ጋር አልተያያዘም። የአሳማኝ አንቀጽ ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው፤ ማስረጃው በከበደ መጠን ጸሐፊው ማያያዝ እንደማያስፈልገው ይሰማዋል፣ በሐዘን የተሞላ አንባቢም ለጊዜው ጥያቄ ላያነሣ ይችላል፣ ማታ ሲያስበው ግን ይነቃል።

መፍትሔው ማስረጃው በትክክል የሚያረጋግጠው ምን እንደሆነ ለይቶ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው። የ1998ቱ ጎርፍ የሚያረጋግጠው በአሸዋው ላይ የሚነግድ ሰው እንደሞተ ሳይሆን ደቻቱ ሳይታሰብ እንደሚደርስ ነው፤ ሳይታሰብ የሚደርስ ውኃ ደግሞ ቀንና ሌሊት አይለይም። ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው ግልጽ ነው ብሎ ይተወዋል። እኔ ግን ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ እንዳይቀር እላለሁ።

ከዚህም አልፎ በዓይን ታይቶ የተጻፈ ትንሽ ነገር ትልቁን ማስረጃ ያግዘዋል። ወደ አሸዋው ወርዶ፣ አንዲት ነጋዴ ማታ ዕቃዋን ስትሰበስብ ቆሞ ማየት ነው። መጀመሪያ ሚዛኗን ታነሣለች፣ ከዚያ የተረፈውን ሽንኩርት ወደ ጆንያ ትመልሳለች፣ የሸራውን ገመድ ከእንጨቱ ትፈታለች፣ ጆንያውን የሚያሸክማት ልጅ ትጠራለች፣ ልጁ እስኪመጣም ትጠብቃለች። ይህን ያየ ጸሐፊ «ለመሸሽ ጊዜ የለም» የሚለውን ከማንም በተሻለ ይጽፈዋል። «ጥናቶች እንደሚያሳዩት» የሚለው ግን የትኛው ጥናት እንደሆነ መናገር ካልተቻለ ከነሐረጉ ይውጣ።

ስለ ምሳሌያዊ አነጋገር አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ መምህራን አይስማሙኝም ይሆናል። ተማሪ ማስረጃ ሲያጣ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ ይጽፋል፣ ውጤትም ያገኝበታል። ሽንኩርት ሻጯ ግን «ለቀባሪው አረዱት» ብላ ትመልስለታለች፤ አሸዋውን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናትና። ምሳሌያዊ አነጋገር ለሁለቱም ወገን እኩል ስለሚያገለግል ለማንም አይመሰክርም። ለንግግር ውበት ነው፤ በ150 ቃል አንቀጽ ውስጥ ግን ቦታ ባይያዝለት እመርጣለሁ።

ተቃራኒውን ሐሳብ ማስገባት

በጥንቱ የበልሃ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛና በታዳሚ ፊት ቆመው ስለሚከራከሩ፣ ደካማ ነገር የተናገረ መልሱን እዚያው ያገኝ ነበር። በአንቀጽ ውስጥ ባላጋራው የለም፤ ስለ እሱም የሚቆመው ጸሐፊው ራሱ ነው። «አንዳንድ ሰዎች ይህን ይቃወማሉ፤ ነገር ግን ተሳስተዋል» ማለት ስለ ባላጋራ መቆም አይደለም። የነጋዴዋ ጠንካራ ክርክር ጎርፍ አይመጣም የሚል ሳይሆን «ደንበኛዬ የሚያውቀኝ እዚህ ነው፣ ሌላ ቦታ ኪራይ እጠየቃለሁ፣ ልጆቼን በምን ላብላ?» የሚል ነው። ይህ በአንቀጹ ውስጥ በሙሉ ክብሩ መግባት አለበት።

ሲገባ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አቋሙን ይለውጠዋል። ለጥያቄዋ መልስ ስንፈልግ «መከልከል» ብቻውን እንደማይበቃ፣ ጊዜያዊ ቦታ መስጠትም እንደሚያስፈልግ እንረዳለን። ወደ ኃይለ ቃሉ ተመልሶ ማረም ሽንፈት አይደለም፤ እንዲያውም የተቃራኒውን ሐሳብ ከጻፉ በኋላ ኃይለ ቃሉ ሳይነካ ከቀረ ሐሳቡ በቅንነት አልተጻፈም ብዬ እጠረጥራለሁ።

አንቀጹን ማሰናዳት

የተሰናዳው አንቀጽ ይህን ይመስላል፦

«ደቻቱ ሲደርቅ አሸዋው ገበያ ይሆናል፤ ብዙ ቤተሰብም እንጀራውን ከዚያ ያገኛል። ቢሆንም የድሬዳዋ አስተዳደር በዝናብ ወራት በአሸዋው ላይ መነገድን መከልከል፣ ለነጋዴዎቹም ከወንዙ ከፍ ያለ ጊዜያዊ ቦታ ያለ ኪራይ መስጠት አለበት። ደቻቱ ለመሸሽ ጊዜ አይሰጥም፤ ውኃው የሚሰበሰበው ከደጋው ስለሆነ ከተማዋ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው ጎርፍ የመጣው ሰው በተኛበት ሌሊት ነው፤ ሳይታሰብ የሚደርስ ውኃ ግን ቀንና ሌሊት ስለማይለይ በቀን የሚነግደውም ሰው ከአደጋው ውጪ አይደለም። ሽንኩርቱን ወደ ጆንያ መልሶ፣ ሸራውን ፈትቶ፣ ተሸካሚ ጠርቶ ለመውጣት የሚፈጀውን ጊዜ ያየ ሰው ይህን ይረዳል። እርግጥ ነው፣ ደንበኛ ከለመደው ቦታ መነሣት ገቢ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ጉዳቱ የጥቂት ወራት ነው፤ ዝናቡ ሲያበቃም ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል። አስተዳደሩ ጊዜያዊውን ቦታ በልግ ሳይገባ አዘጋጅቶ ለነጋዴዎቹ ማሳወቅ ይኖርበታል።»

ኃይለ ቃሉ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ መምጣቱን ልብ ይሏል። በትምህርት ቤት እንደምንማረው በመጀመሪያ፣ በመካከል ወይም በመጨረሻ ሊገባ ይችላል። ለፈተና ከሆነ በመጀመሪያ ማስቀመጡ ይመረጣል፣ አራሚው አይፈልገውምና። የማይስማማ አንባቢን ለማሳመን ከሆነ ግን እሱም የሚቀበለውን አንድ እውነት አስቀድሞ ማስገባት በሩን ያስከፍታል። መጨረሻው ላይ «ጎርፍ የወሰደው ሰው ግን አይመለስም» የሚል ዓረፍተ ነገር መጨመር ያምራል፤ እኔ ግን እሰርዘዋለሁ፤ ያስለቅሳል እንጂ ምን ይደረግ የሚለውን አይመልስም።

ከዚያ ቃላትን ማጥራት ይቀጥላል። «እንደሚታወቀው»፣ «በአሁኑ ሰዓት»፣ «ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ የመጣው» የሚሉት ሐረጎች ወጥተው ዓረፍተ ነገሩ ምንም ካልጎደለው ይውጡ። «ይሁን እንጂ» እና «በመሆኑም» ተቃርኖ ወይም ውጤት ባለበት ብቻ ይግቡ። ከዚህ ውጪ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው፤ ትንፋሽ ያጠረበት ቦታ አራት ነጥብ ይፈልጋል።

ስለ መሣሪያ ከተነሣ፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ በወረቀት ላይ መጻፍ ይሻላል ባይ ነኝ፤ በስልክ ስንጽፍ ከጥቂት መስመር በላይ በአንድ ጊዜ ስለማይታየን ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያውን መድገሙን አናስተውልም። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚባዙ ዝግጁ አንቀጾችና አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያወጣቸው ጽሑፎች ሰዋስዋቸው የተስተካከለ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን «ደቻቱ» የሚለውን በሌላ ወንዝ ስም ተክተን ብናነብበው የሚቀየር ነገር ከሌለ፣ ያ አንቀጽ የድሬን ነጋዴ የሚያሳምንበት ምንም የለውም።

በመጨረሻ አንቀጹ ለማይስማማ ሰው ይሰጥ። «ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ የእኛ ሰው ለይሉኝታ «በጣም ጥሩ ነው» ይላል። ይልቁንም እስክሪብቶ አቀብሎ «ከማትቀበለው ዓረፍተ ነገር ሥር አስምርበት» ማለት ነው። ያሰመረው ከማስረጃው ሥር ከሆነ ማያያዣው ዓረፍተ ነገር እንደገና ይጻፍ፤ ከተቃራኒው ሐሳብ ሥር ከሆነ የእሱን ክርክር አዛብተን ጽፈነዋልና እሱው እንዲነግረን አድርገን እንጻፈው። ከኃይለ ቃሉ ሥር ብቻ አስምሮ ሌላውን ሁሉ ካለፈው ደግሞ፣ ምክንያታችንን ተቀብሎ አቋማችንን የተወበትን ነጥብ እንጠይቀው፤ የሚሰጠው መልስ ለቀጣዩ ረቂቅ የሚሆን ተቃራኒ ሐሳብ ነው።