ሮለር ጫማ መንዳት ሳትችሉ ሮለር ደርቢ ሊግ እንዴት ትገባላችሁ?

"መጀመሪያ ሮለር ጫማውን በደንብ ልልመድና ከዚያ ሊጉን እጠይቃለሁ።" ሮለር ደርቢ (ባለ ጎማ ጫማ አድርገው እየነዱ የሚጋጩበት የቡድን ጨዋታ) ያማረው ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። እኔም ብዬ ስምንት ወር ብቻዬን ስነዳ ከረምኩ። ሊጉ ማለትም የሚያሠለጥነውና የሚያጫውተው ክበብ ዘንድ የሄድኩ ዕለት አሠልጣኟ አንድ ዙር አስነድታኝ ዝም ብላ አየችኝና "ጉልበትሽን ማጠፍ የከለከለሽ ማን ነው?" አለችኝ። ለካ ቀጥ ብዬ ቆሜ ነው የምነዳው፤ ለማቆም ግድግዳ እፈልጋለሁ፤ ስወድቅ መዳፌን እዘረጋለሁ። ስምንት ወር ሙሉ የተለማመድኩት እጅ መስበሪያውን ነበር ማለት ነው።

በዚህ ጨዋታ መንዳት የሚለመደው ሊግ ውስጥ ተገብቶ እንጂ ለመግባት ተብሎ አይደለም። ቅደም ተከተሉን እኔ ዛሬ ብጀምር ኖሮ በማደርገው መንገድ ላስቀምጠው።

1. አንድ ጨዋታ ቁጭ ብላችሁ እዩ

ደርቢ ኳስ የለውም፤ አዲስ ተመልካች ግራ የሚጋባውም በዚህ ነው። ዓይን ኳስ ይፈልጋል፤ እዚህ ግን ኳሱ ሰው ነው። ሞላላ ሜዳ ላይ ከየቡድኑ አምስት አምስት ሰው ይሰለፋል፤ ሁሉም የሚነዳው ከሰዓት ዘንግ አዟዟር በተቃራኒ ነው። ሄልሜቷ ላይ ኮከብ ያለበት ጨርቅ ያጠለቀችው ጃመር ትባላለች፤ ነጥብ የምታመጣው እሷ ነች። የቀሩት አራቱ ብሎከሮች ናቸው። ከእነሱ አንዷ መስመር ያለበት ጨርቅ ታጠልቃለች፤ ፒቮት ነች። ጃመሯ መላው ሲጠፋት ኮከቡን አውልቃ ለፒቮቷ ልታቀብላት ትችላለች፤ ከዚያ በኋላ ፒቮት የነበረችው ጃመር ትሆናለች።

ጃመሯ መጀመሪያ የብሎከሮቹን ክምችት ሰንጥቃ ማለፍ አለባት፤ ይህ ነጥብ የለውም። ዞራ ስትመጣ ግን ለምታልፋት ለእያንዳንዷ ተቃራኒ ብሎከር አንድ ነጥብ ታገኛለች። ከሁለቱ ጃመሮች ጥፋት ሳትሠራ ቀድማ ሰንጥቃ የወጣችው መሪ ትሆናለች። የመሪ ጥቅሟ ሁለት እጇን ዳሌዋ ላይ መታ መታ አድርጋ ፍልሚያውን በፈለገችበት ሰዓት ማስቆም መቻሏ ነው፤ ተቀናቃኟ ነጥብ ልትሰበስብ ስትል ማለት ነው። አንዱ ፍልሚያ ጃም ይባላል፤ ቢበዛ 2 ደቂቃ ይወስዳል። በመካከል 30 ሰከንድ ትንፋሽ መሰብሰቢያ አለ፤ ጨዋታው በሙሉ ሁለት ጊዜ 30 ደቂቃ ነው። ጆሯችሁንም አቅኑ፤ ሁለት አጭር ፊሽካ ከተነፋ መሪ ተገኝታለች፤ አራት ተከታታይ ከሆነ ጃሙ አልቋል።

ለሁለት ሦስት ጃም ኮከቧን ብቻ ተከተሉ። ከዚያ ተዉአትና አራቱን ብሎከሮች እዩ። እንደ ማገር ተያይዘው የተቃራኒዋን ጃመር እየዘጉ፣ በዚያው ቅጽበት ለራሳቸው ጃመር ቀዳዳ ይከፍታሉ። ማጥቃትና መከላከል በአንድ ሰዓት፣ በአንድ አካል የሚሠራበት ሌላ ጨዋታ ብዙ አላውቅም። ይህን አይታችሁ ልባችሁ ካልደነገጠ ምናልባት ጨዋታው የእናንተ አይደለም፤ ምንም ገንዘብ ሳታወጡ አወቃችሁት።

2. ሊጉ የማን እንደሆነ እወቁ

ሮለር ደርቢ የሚለው ስም በ1935 ቺካጎ ውስጥ ሊዮ ሴልትዘር ካዘጋጀው ረጅም የጽናት ውድድር የመጣ ነው፤ ለትርኢት የሚሠራ ንግድ ነበር። ዛሬ የምናየው ግን በ2001 ገደማ ኦስቲን፣ ቴክሳስ ውስጥ ሴቶች እንደ አዲስ ያስነሱት ነው። በ2004 የተመሠረተው ደብልዩ ኤፍ ቲ ዲ ኤ የተባለው የሴቶች ማኅበራቸውም ሊግ በተጫዋቾቹ እጅ ይሁን የሚል መርሕ ይዞ ተነሣ።

ይህን ያነሣሁት ለታሪክ ስል አይደለም። በአማተር ሊግ ውስጥ ደመወዝ የሚከፈለው ተጫዋች የለም፤ ይልቁንም ተጫዋቾቹ ናቸው ወርሃዊ መዋጮ አዋጥተው አዳራሽ የሚከራዩት። ሜዳውን በገመድና በቴፕ የሚያሰምሩት፣ ትኬት የሚቆርጡት፣ ሒሳብ የሚይዙት እነሱው ናቸው። ለመልእክታችሁ መልስ የሚሰጠው ሰው ከሥራ ውሎ፣ ከልምምድ ተመልሶ ማታ ስልኩን የከፈተ ተጫዋች ነው። ሳምንት ቢዘገይባችሁ አትቀየሙ፤ ደግማችሁ ጻፉ።

ልትጠይቁ የሚገባችሁ ጥቂት ነው፦ አዲስ ሰው የምትቀበሉት መቼ ነው? (ብዙዎቹ በዙር በዙር ነው የሚቀበሉት።) የምታውሱት ዕቃ አለ? መዋጮውና ኢንሹራንሱ ስንት ነው? አንድ ሰው በወር ስንት ልምምድ እንዲገኝ ይጠበቃል? በአዋቂዎች ሊግ ለመጫወት አብዛኛውን ጊዜ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ለታዳጊዎችና ለወንዶች የየራሳቸው ማኅበር አለ፤ ሁሉን ቀላቅለው የሚያጫውቱ ሊጎችም አሉ።

3. በሥራ በር ግቡ

ምክሬ ከተባለ ምክሬ ይኼ ነው። አንድ ጨዋታ ለማካሄድ ሮለር ጫማ አድርገው የሚነዱ ዳኞች እስከ ሰባት ይደርሳሉ፤ ከእነሱ ሌላ ደግሞ ሮለር ጫማ የማያደርጉ የጨዋታ አስተናባሪዎች አሉ። ሰዓት የሚይዝ፣ ነጥብ የሚመዘግብ፣ ጥፋት የሚጽፍ፣ የቅጣት ወንበር የሚጠብቅ። ሁልጊዜ ሰው ይጎድላል፤ እውነቴን ነው፣ ሁልጊዜ። "መንዳት አልችልም፣ ግን ቅዳሜ ነፃ ነኝ" ያለን ሰው የሚመልስ ሊግ አላየሁም።

የቅጣት ወንበሩን ለምኑ። ክርኗን የሰነዘረች፣ ከኋላ ጀርባ የመታች፣ ወይም ከመስመር ተገፍታ ወጥታ ከገፋቻት ፊት ቀድማ የገባች ተጫዋች እናንተ ጋ መጥታ 30 ሰከንድ ትቀመጣለች። ስትቀመጥ ሰዓቱን ትጫናላችሁ፤ 10 ሰከንድ ሲቀራት እንድትቆም ትነግሯታላችሁ፤ ሲሞላ ትለቋታላችሁ። ቀላል ይመስላል። ሁለቱም ጃመሮች ሲመጡ ግን ላብ የሚያጠምቅ ይሆናል፤ ሁለተኛዋ እንደተቀመጠች የመጀመሪያዋ ትለቀቃለች፤ ሁለተኛዋ ደግሞ የምትቀመጠው የመጀመሪያዋ የተቀመጠችውን ያህል ብቻ ነው። የመጀመሪያ ቀኔ ሁለቱን የሩጫ ሰዓት ቀኝና ግራ ይዤ የትኛው የማን እንደሆነ ጠፋብኝ። አጠገቤ የነበረችው ልምድ ያላት ሴትዮ በእስክርቢቶ እጄ ጀርባ ላይ የቡድኖቹን ቀለም ጻፈችልኝ፤ ዛሬም እንደዚያው ነው የምሠራው።

የዚህ ሥራ ትርፉ ሕጉ ሳታጠኑት ውስጣችሁ መግባቱ ነው። ሰባት ጥፋት የሞላባት ተጫዋች ከጨዋታው ትባረራለች፤ እነዚያ ሰባቱ እንዴት እንደሚጠራቀሙ ከወንበሩ አጠገብ ያየ ሰው በኋላ ሲጫወት ክርኑን ይሰበስባል። ሌላም አለ፤ ተጫዋቾቹ ስማችሁን ያውቃሉ። አዲስ ሰው የሚቀበሉበት ዙር ሲደርስ የማታውቋቸው ሰዎች መሐል አትገቡም።

አንዳንዱ እዚሁ ይቀራል። መጫወት ሳያምረው ዓመታት በዳኝነት የሚያገለግል ሰው ሞልቷል፤ እንደ ጎደሎ አባል የሚያየውም የለም።

4. ዕቃ አትቸኩሉ

የሚያስፈልገው ባለ አራት ጎማ ጫማ (ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ)፣ ሄልሜት፣ የጥርስ መከላከያ፣ የክርን፣ የእጅ አንጓና የጉልበት መከላከያ ነው። ሊጉ የሚያውሰው ካለ ተዋሱ። የጥርስ መከላከያ ግን የራሳችሁ ይሁን፤ ምክንያቱን መናገር አያስፈልግም።

ገንዘብ ስታገኙ መጀመሪያ የምትገዙት ጫማ ሳይሆን ጥሩ የጉልበት መከላከያ ነው። ሰው ሁሉ በተቃራኒው ያደርጋል፤ የሚያምር ጫማ ገዝቶ ጉልበቱን በቀጭን ስፖንጅ ይሸፍናል። ጫማ ባይስማማችሁ ትዘገያላችሁ፤ የጉልበቱ ስፖንጅ ከሳሳ ግን ለመውደቅ ትፈራላችሁ፤ የፈራ ሰው ደግሞ አይማርም። ሄልሜት ከባድ ምት ካገኘው፣ ስንጥቅ ባይታይበትም፣ ይቀየራል።

ጎማ ላይ የተጻፈው ቁጥር የጥንካሬ መለኪያ ነው። 78 አካባቢ ያለው ለስላሳ ስለሆነ ለውጭ አስፋልት ይሆናል፤ ወደ 90 የሚጠጋውና ከዚያ በላይ ያለው ጠንካራ ነው፤ ለአዳራሽ ወለል። ለወለላችሁ የትኛው እንደሚሻል እዚያው ወለል ላይ የሚጫወተውን ጠይቁ።

ሽታውን ደግሞ ማንም አይነግራችሁም። ላብ የጠጣ መከላከያ ቦርሳ ውስጥ ካደረ ቤት ያስለቅቃል። ቤት ስትገቡ አውጡና አስጡት።

5. መውደቅን ተማሩ

መጀመሪያ የምትማሩት አቋቋም ነው፤ ጉልበት ታጥፎ፣ ዳሌ ወርዶ፣ ደረት ቀና ብሎ፣ ዓይን ወደ ፊት። ጭኑ ይነዳል፤ ይንደድ። ቀጥሎ መውደቅ ነው፤ እዚህ ላይ ማንም አያዝንላችሁም፤ ሃያ ጊዜም ሠላሳ ጊዜም ያስወድቋችኋል።

አወዳደቁ ትንሽ ሆኖ ነው። እየነዳችሁ አንድ ጉልበት ዝቅ አድርጉ፤ የመከላከያው ፕላስቲክ ወለሉ ላይ ይንሸራተት፤ ሌላው እግር በጎማው ይቁም፤ ከዚያ ሳትዘገዩ ተነሡ። እጅ ደረት ጋ ይሰበሰባል፤ ጣት ወደ ውስጥ ይጨበጣል። ወለል ላይ የተዘረጋ ጣት ላይ ከኋላ የሚመጣው ሰው ስምንት ጎማ ይዞ ነው የሚመጣው። ወደ ኋላ መውደቅ ካልቀረ በአንድ ቂጥ ጎን ተቀመጡ፤ አገጫችሁን ወደ ደረት ሰብስቡ። ጭራ አጥንቱን የመታ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ለሳምንታት ያስታውሰኛል።

ማቆም ከዚህ በኋላ ይመጣል። እግርን ከፈት አድርጎ ጣቶቹን ወደ ውስጥ አዙሮ በተረከዝ መግፋት የመጀመሪያው ነው። ለዓመታት የሚታወቅ ፈተናም ነበር፤ በ5 ደቂቃ 27 ዙር። ፈተናው ቢቀርም ቁጥሩ ከተጫዋቾች አፍ አልጠፋም፤ ስንት ዙር እንደምትነዱ ብትጠየቁ አትደነግጡም።

መጋጨት የመጨረሻው ነው። የሚመታው በትከሻ፣ በደረት፣ በዳሌና በላይኛው ጭን ነው፤ ራስ፣ ክርን፣ ክንድ፣ እግር አይሰነዘርም። አሠልጣኙ "ገና ነህ" ካለ ገና ናችሁ፤ ይህን ውሳኔ አትከራከሩበት። ግጭት ያልተማረ ሰው ራሱን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያለውንም ነው የሚጎዳው።

6. ስምና ቁጥር

ብዙ ተጫዋች በመዝገብ ስሙ አይጫወትም። የደርቢ ስም ያወጣል፤ አብዛኛውም ሰምና ወርቅ ያለው የቃላት ጨዋታ ነው። ቁጥሩ እስከ አራት አኃዝ ይሆናል። አትቸኩሉ፤ በመጀመሪያው ወር የመረጣችሁት ስም በሦስተኛው ወር ያሳፍራችኋል። ዳኛ ጮክ ብሎ ሊጠራው እንደሚችልም አስቡ።

ዛሬ ማታ ልትልኩት የምትችሉት መልእክት ይኼው፦ "ሰላም። ሮለር ጫማ መንዳት አልችልም። የሚቀጥለው ጨዋታችሁ ላይ በሰዓት መያዝም ሆነ በቅጣት ወንበር ልረዳ እፈልጋለሁ። ስንት ሰዓት ልምጣ?" ስትሄዱ እስክርቢቶ ያዙ፤ አንድ አይበቃም፣ አንዱን የሚወስድባችሁ አይጠፋም።