የቢዝነስ ሬት ግምቱ በዛባችሁ? መጀመሪያ ሜትር ያዙ

ለንደን ካፌ ወይ ሱቅ ያላችሁ፣ የቢዝነስ ሬት (የንግድ ቤት ግብር) ቢል ሲመጣ ካውንስል ደውላችሁ አትጨቃጨቁ፣ እነሱ ቢሉን ይልካሉ እንጂ ቢሉ የሚሰላበትን፣ ሬተብል ቫልዩ የሚባለውን ግምት የሚያወጣው ቫሉዌሽን ኦፊስ የሚባለው የመንግስት መስሪያ ቤት ነው። ግምቱ ደሞ የናንተን ገቢ አያይም፣ ቤቱ በአንድ በተወሰነ ቀን ቢከራይ በዓመት ስንት ያወጣ ነበር ነው ነገሩ፣ ለ2026ቱ ግምት ያ ቀን ኤፕሪል 1፣ 2024 ነው። ስለዚህ "ገበያ ቀዝቅዟል" ብላችሁ ብትጽፉ ማንም አይሰማችሁም።

ኦንላይን የመንግስት ሳይት ላይ ገብታችሁ የቤታችሁን ዝርዝር አውጡና ሜትር ይዛችሁ ለኩ። ሱቅ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በዞን ነው፣ ከፊት ለፊት ወደ ውስጥ የመጀመሪያው 6.1 ሜትር ዞን ኤ ይባላል፣ ሙሉ ዋጋ፣ ቀጥሎ ያለው 6.1 ሜትር ግማሽ፣ ከዛ ቀጥሎ ያለው 6.1 ሜትር ሩብ። 5 ሜትር ስፋት፣ 12.2 ሜትር ጥልቀት ያለው ሱቅ 61 ካሬ ነው አይደል? ሲታሰብ ግን 45.75 ይሆናል፣ የዞን ኤ ካሬው 400 ፓውንድ ከተያዘ 18,300 ማለት ነው። በሩ ጋ ያለች ስህተት ጓዳ ካለችው በላይ ትጎዳለች።

አንድ ወዳጄ ጤፍ የሚያስቀምጥበትን ቤዝመንት አከራዩ ከወሰደበት ቆይቷል፣ እሱ ግን ለማንም አላሳወቀም፣ መዝገቡ ላይ እስካሁን የሱ ነበር!

እንዲህ ያለውን "ቼክ" በሚባለው ታስተካክላላችሁ፣ አካውንት ከፍታችሁ፣ ቢል ወይ ሊዝ (የኪራይ ውል) አያይዛችሁ፣ በነፃ ነው። መልሱ እስከ 12 ወር ሊወስድ ይችላል። ካልተስማማችሁ በ4 ወር ውስጥ "ቻሌንጅ" የሚባለውን መቃወሚያ ታስገባላችሁ፣ እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው፣ ማስረጃው ሁሉ አብሮ መግባት አለበት፣ በኋላ አመጣለሁ ማለት ያስቸግራል። የጎረቤት ሱቆች በካሬ ስንት እንደተያዙ፣ በኤፕሪል 1፣ 2024 አካባቢ የተፈረመ የኪራይ ውል፣ እነዚህን ሰብስቡ። ጎረቤት ሊዙን ማሳየት ይፈራል፣ ቡና ጋብዙት። ከዛም ቫሉዌሽን ኦፊሶች እምቢ ካሉ ትሪቡናል የሚባል ዳኛ አለ፣ እሱ ያስከፍላል።

ክርክሩ እስኪያልቅ ግን ቢሉን መክፈል አታቁሙ። ግምቱ ሊጨምርም ይችላል፣ እወቁት። አንድ የንግድ ቤት ብቻ ያለው ሰው ግምቱ 12,000 ፓውንድ ወይ ከዛ በታች ከወረደለት በትናንሽ ቢዝነስ ቅናሽ ምንም አይከፍልም፣ እስከ 15,000 ድረስ ደሞ እየቀነሰ የሚሄድ ቅናሽ አለ፣ ቅናሹን የምትጠይቁት ግን ካውንስሉን ነው።